ስድስት ሣጥን የዲዲቲ አፈር፦ የሥራ ማስታወሻ

ሳምንት 0

ቦታው ድሮ የፀረ ተባይ መጋዘን ነበር። ቤቱ ከፈረሰ ቆይቷል፤ የቀረው የተሰነጣጠቀ ወለል ነው። ከሥሩ ያለው አፈር ለዓመታት ዲዲቲ ሲጠጣ ኖሯል። ዝናብ ሲዘንብ ደግሞ ጎርፉ ጥቂት ጥቂቱን እያጠበ ታች ወዳለው ቦይ ይወስደዋል። ስለዚህ ደለሉም ተበክሏል።

የኛ ሥራ ትንሽ ሙከራ ነው። አፈሩን ሳንጭንና ሳናቃጥል እዚያው ቦታው ላይ ምን ያህል ማጽዳት ይቻላል? ዒላማችን በኪሎ 50 ሚሊግራም ነው። ስለ አደገኛ ቆሻሻ በወጣው ዓለም አቀፍ ውል፣ በባዝል ስምምነት፣ ቴክኒካዊ መመሪያ መሠረት ዲዲቲ ያለበት ቆሻሻ ከዚህ ልክ ካለፈ መርዙ መውደም አለበት። ከዚያ በታች ከሆነ ሌላ አያያዝ ይፈቀዳል።

የመጀመሪያው ስህተት የናሙና ነበር። በአካፋ ከአንድ ቦታ አነሳሁና ላክሁ። 38 መጣ። "እንዲያውም ጨርሰናል" ብዬ ቀለድኩ። አንድ እርምጃ ርቄ ያነሳሁት ሁለተኛው ናሙና 410 ሆነ።

ነገሩ የገባኝ አፈሩን ጎንበስ ብዬ ሳየው ነው። የሽምብራ ፍሬ የሚያህሉ ነጫጭ ጓሎች አሉበት። አንዱን በጓንት ይዤ ስጫነው እንደ ጠመኔ ተፈረካከሰ። ያ አፈር አይደለም፣ ራሱ መርዙ ነው። አንድ ጓል የናሙናው ማሰሮ ውስጥ ከገባ ቁጥሩ ሰማይ ይነካል፤ ካልገባ አፈሩ ንጹሕ ይመስላል። ከአንድ ነጥብ ያነሳኋቸው ስድስቱም የመጀመሪያ ናሙናዎች ምንም አልጠቀሙም። ገንዘቡን በላነው።

ከዚያ በኋላ አፈሩን ቆፍረን በ4 ሚሊሜትር ወንፊት ነፋነው። ጓሎቹን ለቅመን ክዳኑ በደንብ በሚገጥም የብረት በርሜል ውስጥ አስገባናቸው። እነሱን ጭድ ቀላቅሎ ማዳን አይቻልም። 1100 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚደርስ ምድጃ ነው የሚያስፈልጋቸው። ከቀረው ክምር ደግሞ ከ30 ነጥብ ትንሽ ትንሽ እያነሳን አንድ ላይ ደባለቅን፤ ይህንኑ ሦስት ጊዜ ደገምን። 94፣ 101 እና 105 መጣ። አሁን ቁጥሩን ማመን ይቻላል፤ በኪሎ 100 ሚሊግራም ገደማ ነው።

ሳምንት 1

ሁለተኛ ስህተት። ናሙናውን በፕላስቲክ ከረጢት ነው የላክሁት። ከላብራቶሪ የመጣው ግራፍ ላይ ማንም ያልጠበቃቸው ጉብታዎች ተደርድረዋል። ፕላስቲክን የሚያለሰልሰው ፋታሌት ነው፤ ክሎሪን የሚቆጥረውን መሣሪያ ያሳስተዋል። ከዛሬ ጀምሮ ቡናማ የመስታወት ማሰሮ፣ ክዳኑ ውስጡ ቴፍሎን ያለው ብቻ።

ሳምንት 2

ሣጥኖቹ ተሠሩ። ከጣውላ ነው፤ ውስጣቸው ወፍራም የፕላስቲክ ምንጣፍ ለብሷል። እያንዳንዱ ሣጥን በደረቅ ክብደት 150 ኪሎ አፈር ይይዛል። 1 እና 2 ኮንትሮል ናቸው፤ ምንም አይጨመርባቸውም። 3 እና 4 የብረት ዱቄት፣ ጭድና ፍግ። 5 እና 6 አክቲቬትድ ካርቦን፣ ማለትም መርዝ እንዲይዝ ተደርጎ የተዘጋጀ የከሰል ዱቄት።

ከሠራተኞቹ አንዱ "እንጨት ደርድረን ብናነደውስ?" አለ። ብዙ ሰው የሚያስበው ይህንኑ ስለሆነ መልሴን እጽፈዋለሁ። በእንጨት እሳት ዲዲቲው ከፊሉ ሳይቃጠል ይተንናል። ጭሱ ሲቀዘቅዝ፣ በተለይ ከ400 እስከ 200 ዲግሪ ባለው ውስጥ ሲያልፍ፣ ክሎሪኑ ከካርቦን ጋር ተገናኝቶ ዳይኦክሲን ሊፈጥር ይችላል። ከአንድ መርዝ የባሰ መርዝ አመረትን ማለት ነው። በሙቀት ማጽዳት አይቻልም ማለቴ ግን አይደለም። ቬትናም፣ ዳናንግ አየር ማረፊያ ላይ በጦርነቱ ጊዜ ከተረፈው ዳይኦክሲን አፈሩን ያጸዱት በዚሁ መንገድ ነው። በተዘጋ ግዙፍ ክምር ውስጥ ቢያንስ 335 ዲግሪ እስኪደርስ አጋሉት፤ የወጣውን ጋዝም ሰብስበው አከሙት። ሥራው ከ2012 እስከ 2018 ፈጀ። ለስድስት ሣጥን እንዲህ ያለው አይታሰብም።

በውሃ ማጠብም ተነስቶ ነበር። ዲዲቲ በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ጥቂት ማይክሮግራም ብቻ ነው። ይህን አፈር በውሃ ለማጠብ ሐይቅ አይበቃም።

ሳምንት 3

ቅልቅል። በሣጥን 3 እና 4 ላይ 15 ኪሎ የተፈጨ ጭድና ፍግ፣ 3 ኪሎ የብረት ዱቄት ገባ። ሐሳቡ እንዲህ ነው። አፈሩን በውሃ አጥግበን እንሸፍነዋለን። ረቂቅ ተሕዋስያኑ ጭዱን ሲበሉ አየሩን ይጨርሳሉ። አየር ሲያልቅ ብረቱና ተሕዋስያኑ ከዲዲቲው ላይ ክሎሪን መንቀል ይጀምራሉ። ከሳምንት በኋላ ገልብጠን አየር እናስገባለን፤ የተረፈውን አየር የሚወዱት ይበሉታል። ከዚያ እንደገና ውሃ፣ እንደገና ሽፋን። ሰባት ቀን ያለ አየር፣ አምስት ቀን ከአየር ጋር።

የመጀመሪያው ብረት ተበላሸ። አፉ የተከፈተ ከረጢት እርጥበት ያለበት ቦታ አድሮ ዝጎ አገኘነው። የዛገ ብረት የሚሰጠው ኤሌክትሮን የለውም፤ ቀይ አቧራ ነው። እንደገና ገዛን። አሁን አየር በማያስገባ ባልዲ ይቀመጣል።

አየሩ ማለቁን የሚያሳየውን ሬዶክስ ሜትር ስንከት (ቁጥሩ ሲወርድ አየሩ እያለቀ ነው) በሁለቱም ሣጥኖች +180 ሚሊቮልት ነበር። በአራተኛው ቀን ሣጥን 3 ወደ −210 ወረደ። ሣጥን 4 ግን +90 ላይ ተገትሮ ቀረ። ሁለት ቀን ሙሉ ሜትሩን ስወቅስ ከረምኩ። በኋላ ሣጥኑን ዘወር ብዬ ሳየው ከሥሩ ውሃ ያንጠባጥባል። ምንጣፉን የወጋው የጣውላ ምስማር ነው። ያፈሰሰውን ውሃ በባልዲ ሰብስበን መለስን፤ ምንጣፉም ተለጠፈ። ከዚያ በኋላ ሽታው ብቻ በቂ ምስክር ሆነ፤ የበሰበሰ እንቁላል ከሸተተ አየሩ አልቋል።

ካርቦኑ ደግሞ በሣጥን 5 እና 6 ላይ 6 ኪሎ፣ ማለትም 4 በመቶ። ደረቁን ገልብጬበት ግማሹን ነፋስ ወሰደው፤ ፊቴን ጥላሸት አስመሰለው። ቀድሞ ውሃ ውስጥ ማሳደር ነበረብኝ። በማግስቱ አሳድሬ ጨመርኩ። እዚህ ላይ ቀልድ የማያውቅ ነገር አለ። እርጥብ አክቲቬትድ ካርቦን ኦክስጅን ይስባል። በተዘጋ ክፍል ወይም በርሜል ውስጥ ካስቀመጡት ጭንቅላት ከትቶ ማየት ሰው ይገድላል። የኛ ውጪ፣ ክፍት ቦታ ላይ ነው ያደረው።

ሳምንት 5

ግልበጣ። በታይቬክ ቱታ፣ በማስክና በድርብ ጓንት በደረቁ 168 ኪሎ የሆነ እርጥብ አፈር በአካፋ መገልበጥ ምን እንደሚመስል መግለጽ አልችልም። በሃያ ደቂቃ እንፈራረቃለን። ላቡ ቦት ጫማ ውስጥ ይጠራቀማል።

ሳምንት 8

የመጀመሪያው ውጤት መጣ። ሣጥን 3 እና 4 ላይ ዲዲቲ ከ78 ወደ 38። ከግማሽ በላይ! (መነሻ ላይ ከ100ው ውስጥ 78ቱ ዲዲቲ፣ 16ቱ ዲዲኢ፣ 6ቱ ዲዲዲ ነበር፤ ሁለቱም ዲዲቲ ሲሰበር የሚወጡ ልጆቹ ናቸው።) ያን ቀን ሁላችንም ሳቅን፣ ፎቶ ተነሳን።

ማታ ሰንጠረዡን ደግሜ ሳየው ኮንትሮሉ ላይ ዓይኔ አረፈ። 57 ይላል። ማንም ያልነካው ሣጥን 27 በመቶ ወርዷል። ያልተነካ አፈር በስምንት ሳምንት ራሱን አያጸዳም። የዲዲቲ ግማሽ ዕድሜ በአፈር ውስጥ በዓመታት ነው የሚቆጠረው።

ለላብራቶሪዋ ባለሙያ ደወልኩ። ቶሎ ገባት።

"ወንድሜ፣ ዲዲቲውን የበላው መሣሪያው እንዳይሆን። ላይነሩን ላየው።"

ላይነር ማለት ናሙናው መጀመሪያ የሚተንበት ትንሽ የመስታወት ቱቦ ነው። ከአፈሩ ለምርመራ በሚወጣው ጭማቂ ሲቆሽሽ፣ ትኩስ ስለሆነ፣ ዲዲቲውን እዚያው ወደ ዲዲኢና ዲዲዲ ይሰባብረዋል። ንጹሕ ዲዲቲ ብቻ መሣሪያው ውስጥ አስገብታ ስትፈትሽ 27 በመቶው ተሰብሮ ወጣ። የተለመደው የፍተሻ ዘዴ የሚፈቅደው እስከ 15 ነው። ቱቦውን አውጥታ ፎቶ ላከችልኝ፤ ጥጉ ላይ እንደ ሻይ ዝቃጭ ጠቁሯል።

አዲስ ላይነር ተገጥሞ ሁሉም ናሙና እንደገና ተሠራ። ኮንትሮል 77፤ ማለትም አልተነቃነቀም። የብረት ዱቄት የገባባቸው ሣጥኖች 52። አሁንም መጥፎ አይደለም ብዬ ነበር። ከዚያ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ተቀመጥኩ።

በ150 ኪሎ አፈር ላይ 18 ኪሎ ነገር ጨምረናል። ምንም ሳይፈርስ ቁጥሩ 11 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ይህ ማጽዳት አይደለም፣ ማቅጠን ነው። ሳስተካክለው 52ቱ 58 ሆነ። ቀጥሎ እስከዚያ ያላየሁትን ዓምድ አየሁ። ዲዲዲ ከ6 ወደ 20 አድጓል። ዲዲቲው አንድ ክሎሪን ጥሎ ስሙን ለወጠ እንጂ ከቤቱ አልወጣም። ያም ብቻ አይደለም። አንድ ክሎሪን መጣል በራሱ ክብደቱን በ10 በመቶ ገደማ ይቀንሰዋል፤ ስለዚህ በሚሊግራም ሳይሆን በሞል፣ ማለትም በሞለኪውል ብዛት፣ መቁጠር ያስፈልጋል። በሞል ሦስቱንም ስደምር እውነተኛው ቅነሳ 4 በመቶ ነው።

ከ51 በመቶ ወደ 4 በመቶ። ፎቶውን አጠፋሁት።

ሳምንት 11

ሕግ አወጣን። ሦስቱም ይደመራሉ፣ በሞል፣ በመጀመሪያው የአፈር ክብደት ተስተካክሎ፣ በደረቅ ክብደት። ኮንትሮሉ ከተንቀሳቀሰ ውጤቱ አይወራም። ላብራቶሪ እስካሁን ከጠቅላላ ወጪያችን ግማሹን በልቷል፤ አካፋና ጭድ ርካሽ ናቸው።

አየር የለሹን ጊዜ ከሰባት ወደ አሥር ቀን አራዘምነው። ጭዱ እያለቀ ስለሆነ ጥቂት ጨመርን፤ ተመዝኖ፣ ተመዝግቦ፣ ከስሌቱ ተቀንሶ።

ሳምንት 14

ኖራ። ይህን መጻፍ አልፈልግም ነበር።

የሣጥን 3 ፒኤች ወደ 5.4 ወርዶ ነበር። ጭዱ ሲፈርስ አሲድ ያመጣል። ትንሽ ኖራ በተን በተን አድርገን ወደ 7 እንመልሰው አልኩ። መመዘን ሲገባኝ በአካፋ ገመትኩ። በማግስቱ ፒኤች 10.4። ዲዲቲ ደግሞ እንዲህ ባለ አልካላይ (የአሲድ ተቃራኒ) ውስጥ ሃይድሮጅንና ክሎሪን ጥሎ ወደ ዲዲኢ ይለወጣል። ዲዲኢ ከሦስቱ ሁሉ ግትሩ ነው። ከ16 ወደ 27 ወጣ። ሣጥን 3ን ከዚያ በኋላ ማዳን አልተቻለም። ላዩ ላይ "ኖራ፣ አትንኩ" የሚል ወረቀት ለጥፌ ለማስተማሪያነት ተውኩት።

ሳምንት 16

ወደ ካርቦኑ ሣጥኖች። እዚህ ጨዋታው ሌላ ነው። ካርቦን ዲዲቲን አያፈርስም። ያስረዋል። ስለዚህ ጠቅላላውን መጠን መለካት ትርጉም የለውም፤ ያንን የሚለካ ሰው ካርቦኑ ስለያዘበት ብቻ ላብራቶሪው ወደሚጠቀምበት አሟሚ ፈሳሽ ሳይወጣ ሲቀር "ቀነሰ" ብሎ ይሳሳታል። መለካት ያለበት ውሃ ውስጥ ነጻ ሆኖ የሚዞረውና ሕይወት ያለው ነገር የሚወስደው ነው።

ለዚህ 25 ማይክሮን ውፍረት ያለው ፖሊኢትሊን ፕላስቲክ ቆርጠን፣ በአሟሚ ፈሳሽ አጥበን፣ አፈሩ ውስጥ ለ28 ቀን እንቀብራለን። የትል ስብ ዲዲቲውን እንደሚጠጣ ሁሉ ፕላስቲኩም ይጠጣል። ከስድስት ሳምንት በኋላ የተቀበረው ከኮንትሮሉ በ55 በመቶ ያነሰ ያዘ። ጊዜ ይፈልጋል፤ መርዙ ከአፈሩ ቅንጣት ወጥቶ ወደ ካርቦኑ መጓዝ አለበት፤ የደቀቀ ካርቦን ደግሞ ከሻካራው ይፈጥናል።

የእውነት ትሎችም አስገባን፤ ኮምፖስት ውስጥ የሚገኙት ቀያዮቹ። 28 ቀን። ውጤቱ ግን ከፕላስቲኩ ጋር አልገጠመም፤ የካርቦን ሣጥን ትሎች ከተጠበቀው በላይ መርዝ ያዙ። ሦስት ቀን ስንጨቃጨቅ ቆይተን ነው የነቃነው። ትሎቹን ከአፈር አውጥተን ቀጥታ ፈጨናቸው። ሆዳቸው ውስጥ ያለው አፈር፣ ከነካርቦኑና ከነዲዲቲው፣ አብሮ ተቆጠረ። መጀመሪያ በእርጥብ የማጣሪያ ወረቀት ላይ አንድ ቀን አሳድሮ ሆዳቸውን ማስባት፣ አይ፣ ማስለቀቅ ነው። (እንዲህ የሚያስጽፈኝ እንቅልፍ ማጣት ነው።)

ሳምንት 19

ዝኩኒ ዘራን፣ በኮንትሮሉና በካርቦኑ ሣጥን። ዝኩኒ የሚገርም ተክል ነው፤ ከብዙ ዘመዶቹ በተለየ ዲዲኢን ከአፈር ስቦ ወደ ግንዱና ቅጠሉ ያወጣል። ለማጽጃ ሳይሆን ለምስክርነት ነው የፈለግነው።

የኮንትሮሉ ዝኩኒ አማረ። የሚያግዙን ትልቅ ሰው ፍሬውን አገላብጠው አዩት።

"ልጄ፣ ይሄን የመሰለ ይጣላል?"

"ጋሼ፣ የጠጣው እኮ መርዝ ነው።"

"እንዴት አያስታውቅም?"

አያስታውቅም። በዚያው ዕለት የቀሩትን አበቦች ሁሉ ቀነጠስን። ግንዱና ቅጠሉ ወደ ላብራቶሪ፣ የተረፈው ከጓሎቹ ጋር ወደ በርሜሉ። የካርቦኑ ሣጥን ዝኩኒ ግንድ ከኮንትሮሉ ሩቡን ያህል ብቻ ነው የያዘው።

ሳምንት 22

የቦዩ ደለል። በሁለት ሰፊ የላስቲክ ገንዳ፣ አንዱ ከካርቦን ጋር፣ አንዱ ያለ ካርቦን። ገና ስንቀዳው ነው ትምህርቱ የጀመረው። አካፋው ደለሉን ሲነካ ውሃው ቡናማ ሆኖ ወደ ታች ሄደ። ደለል ማውጣት ማለት ተኝቶ የነበረውን መቀስቀስ ነው። በአሜሪካ ሃድሰን ወንዝ ፒሲቢ የተባለ ሌላ ክሎሪን ያለው መርዝ የገባበትን ደለል ከ2009 እስከ 2015 ሲያወጡ አንዱ ትልቁ ክርክር ይኸው ነበር። ግራስ ወንዝ ላይ ደግሞ በ2006 ደለሉን ሳያወጡ ካርቦን እላዩ ላይ በመቀላቀል ሞክረዋል። እኛም ቀሪውን ደለል ባለበት ተውነው፤ ከላይ የጎርፉን መግቢያ በአሸዋ ጆንያ ዘጋን።

ደለሉ ላብራቶሪ ሲደርስ ሌላ ጣጣ። ሰልፈር። ግራፉ ላይ አንድ ተራራ ቆሞ ሁሉንም ሸፈነው። መድኃኒቱ የመዳብ ዱቄት ነው። ባለሙያዋ በአሲድ ታጥቦ የሚያብረቀርቅ መዳብ ጭማቂው ውስጥ ጨመረች፤ ዓይናችን እያየ እንደ ከሰል ጠቆረ። አወጣች፣ አዲስ ጨመረች፤ እሱም ጠቆረ። በአራተኛው ላይ መዳቡ ቀለሙን ሳይለውጥ ቀረ።

ሳምንት 32

የመጨረሻው ዙር። ሣጥን 4፣ ተስተካክሎ፦ ዲዲቲ 15፣ ዲዲኢ 15፣ ዲዲዲ 22። ድምር 52። በሞል 45 በመቶ ቅነሳ። ዲዲኢው ሲጀመር 16 ነበር፤ አሁን 15። ምንም ብናደርግለት አልነቃነቅ አለ። ካለፉት ሦስት ዙሮች ወዲህ ዲዲዲውም ቀስ ብሏል።

የካርቦኑ ሣጥኖች፦ ጠቅላላ መጠኑ ያው ነው። የፕላስቲኩ ንባብ ግን ከኮንትሮሉ በ92 በመቶ ያነሰ ነው። ሆዳቸውን ያጸዱት ትሎችም በዚያው አካባቢ።

አሁን አንድ ነገር ልናገር። ሣጥን 4ን ያለ ማስተካከያ፣ ላብራቶሪው እንዳወጣው ብልከው 46 ይላል። ከ50 በታች። "አለፈ" የሚል ወረቀት ይሰጠኛል። ያለፈው ግን ጭዱና ፍጉ ነው እንጂ ዲዲቲው አይደለም። 52 ብዬ ነው የጻፍኩት፤ ከሥሩም 46ቱ ከየት እንደመጣ አስቀምጫለሁ። ስብሰባው ላይ ደስ ያለው ሰው አልነበረም።

ቀጣዩ እንዲህ ተወስኗል። በርሜሉ ወደ ምድጃ ይሄዳል፤ ክዳኑ ታሽጎ 61 ኪሎ መዝኗል። ሣጥን 4 አራት ተጨማሪ ዙር ያገኛል፤ አዲስ ብረት፣ ተመዝኖ። ካርቦን የሚቀርበው ከ50 በታች ለሆነው የዳር አፈርና ለደለሉ ብቻ ነው፤ ከመስመሩ በላይ ላለው መሸፈኛ እንዲሆን አልፈቅድም። ሣጥን 3 ከነወረቀቱ በሸራ ተሸፍኖ ተቀምጧል። አዲሶቹ ፕላስቲኮች ዛሬ ጠዋት ደለሉ ውስጥ ገብተዋል፤ በ28ኛው ቀን ይወጣሉ።